የሁምቦው ሳንቃ

ባለፈው ማክሰኞ አስቴር ከቢጠና ደወለችልኝ። አስቴር የጋሽ አንጁሎ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ አሁን እዚያ አስተማሪ ሆናለች። እኔ ከአባቷ ዘንድ የእንጨት ሥራ ስማር ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ሰጋቱራ ላይ እየተንከባለለች እናቷን የምታስቆጣ። የዝናቡን፣ የልጆቼን፣ የጉልበቴን ሁሉ ጠይቃ ስትጨርስ «ጋሽ ማርቆስ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነበር» አለችኝ። ትምህርት ቤታቸው የእጅ ሙያ ቀን ሊያከብር ነው። «ስለ አባቴ አሠራር ሁለት ገጽ ጻፍልኝ፤ ለተማሪዎቹ አነበዋለሁ። ዓይኑ ደክሞ እስኪያቆም ድረስ ያለውን።»

እሺ አልኳት። ምን እላታለሁ? ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን «ዓይኑ ደክሞ» ያለችው ነገር አልለቅህ አለኝ። አራት ቀን ወረቀት ፊት ለፊት ተቀምጬ ስነሣ ባለቤቴ «አቤቱታ ነው እንዴ የምትጽፈው?» እያለች አላገጠችብኝ። አቤቱታ ቢሆንማ እንዴት በቀለለኝ። በአቤቱታ የሚከሰሰው ሌላ ሰው ነው።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመቴ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጥሎኝ ሶዶ ከተማን ላይ ታች ስል ከረምኩ። በመጨረሻ አባቴ ጋሽ አንጁሎ ጋ ወሰደኝና «ጭንቅላቱ እምቢ ብሏል፣ እጁን ይሞክሩልኝ» አላቸው። ጋሽ አንጁሎ መዳፌን ገልብጠው አዩና «ነገ በጠዋት ይምጣ» አሉ። የሥራ ቤታቸው ከመናኸሪያው ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ጠዋት ጠዋት የዳሞታ ተራራ ጉም እስከ በራችን ወርዶ ስለሚቆይ፣ እስኪገለጥ ድረስ መሮ እየሳልን እንጠብቃለን። እሳቸው ቀጭን፣ ረጅም፣ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። በአማርኛ ቁጥብ ናቸው፤ ሲደሰቱና ሲያዝኑ ግን ወላይትኛው ይመጣል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በመጋዝ ቀጥ አድርጎ ከመቁረጥ በቀር ምንም አላሠሩኝም። ቁርጥራጭ ዋንዛ ላይ መስመር ያሰምሩና «ቁረጥ» ይሉኛል፤ ስጨርስ ወደ ብርሃን አንስተው ያዩትና ማገዶው ላይ ይወረውሩታል። የዚያን ዓመት የቤታቸው ጎዳሬ ሁሉ የበሰለው በኔ ስህተት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ጎዳሬውን ደግሞ ምሳ ላይ በዳጣ እያጠቀስኩ የምበላው እኔው ነኝ። ዳጣው ዓይን ያስለቅስ ነበር፤ እሳቸው ግን እንባ ያቀረረ ዓይኔን እያዩ «አሁን ደግሞ በደንብ ታያለህ» ይሉኛል።

ከዚያ የርግብ ጭራ መጣ። ሁለት ሳንቃ ማዕዘን ላይ ያለ ምስማር የሚያያዝበት ዘዴ ነው። በአንዱ ጫፍ እንደ ርግብ ጭራ ወደ ውጭ ሰፋ ያሉ ጥርሶች ይወጣሉ፤ በሌላው ጫፍ ለነሱ ልክ የሆነ ማረፊያ በመሮ ይፈለፈላል። አንዴ ከገጠመ ጎትተህ አታላቅቀውም። ጭንቁ ያለው እርሳሱ መስመር ላይ ነው። መጋዙ መስመሩን ሳይነካ ከሚጣለው በኩል መሄድ አለበት። ወደ ውስጥ ካለፍክ ጥርሱ ይቀጥናል፣ ማረፊያው ውስጥ ይወዛወዛል፣ ሳንቃው ሞተ ማለት ነው። «መስመሩን አትብላ» ይሉኝ ነበር ጋሽ አንጁሎ። «የበላኸውን መልሰህ አትተፋውም።»

ሌላም ነገር ነበራቸው፣ ከሳቸው በቀር ማንም ሲያደርገው ያላየሁት። ሶዶ ደጋ ነው፤ ሁምቦ ደግሞ ቆላ። እዚህ ደርቋል ብለህ የሠራኸው ሳጥን እዚያ ሲወርድ ሙቀቱ ጨምቆ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ለሁምቦ ሰው የሚሠሩበትን ሳንቃ ቀድመው ሁምቦ ያለችው እህታቸው ቤት ልከው፣ ቆጥ ላይ ዓመት ያስቀምጡታል። «እንጨትም አገር ይለምዳል» ይላሉ። ተመልሶ ሲመጣ፣ ከደጋው ሳንቃ እንዳይቀላቀል፣ በአንድ ፊቱ ላይ በከሰል «ሁ» ብለው ይጽፉበታል። ያ ፊት ወደ ሳጥኑ ውስጥ ይዞራል እንጂ ጽሕፈቱ አይፋቅም፤ ለጥገና ሲመጣ እንጨቱ የየት እንደሆነ እንዲታወቅ።

በሁለተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ አንድ የሁምቦ ገበሬ ልጁን ሊድር ነውና የሙሽራ ሳጥን አዘዘ፤ ከጊፋታ፣ ከወላይታ አዲስ ዓመት በዓል፣ በፊት የሚደርስ። በቤቱ የቀረን የሁምቦ ሳንቃ ለአንድ ሳጥን ልክ የሚበቃ ነበር፣ ትርፍ የለውም። ጋሽ አንጁሎ ሦስቱን ማዕዘን ጨርሰው አራተኛውን ሲጀምሩ ባለቤታቸው ታመው ዱቦ ሆስፒታል ገቡ። ጋሽ አንጁሎ ሊያስታምሙ ሲሄዱ በር ላይ ቆም ብለው «አራተኛውን አንተ ቁረጠው» አሉኝ። ሁለት ዓመት ያህል የጠበቅኳት ቃል ይህች ነበረች።

ደስታው ነው መሰለኝ ያጣደፈኝ። መጋዙን አንስቼ እያፏጨሁ ቆረጥኩ። አምስቱንም ጥርስ በተሳሳተው በኩል። መስመሩን በላሁት።

ሳንቃው ሌላኛው ጫፉ ላይ የጋሽ አንጁሎ ጥርሶች ተሠርተውበታል፤ ላሳጥረው ብል ከሌሎቹ ጎኖች ልክ ያንሳል። ባይናገሩኝ እንኳ ዳግመኛ ሳጥን የሚያስነኩኝ አልመሰለኝም። ከግድግዳው ጥግ የደጋ ሳንቃ ክምር ነበር፣ ያን ክረምት ሙሉ የሶዶን ርጥበት ሲጠጣ የከረመ። መልኩ የሚመሳሰለውን መርጬ ላግሁት፣ የሳቸውንም ጫፍ የኔንም ጫፍ ደግሜ ቆረጥኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቆርጬ አላውቅም፤ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አልነበረውም። ከዚያ ከሰል አንስቼ፣ የእጅ ጽሕፈታቸውን አስመስዬ፣ በውስጥ ፊቱ ላይ «ሁ» ብዬ ጻፍኩ። የተበላሸውን ፈልጬ ማገዶ አደረግሁት።

ጋሽ አንጁሎ በሦስተኛው ቀን በእንቅልፍ እጦት ዓይናቸው ቀልቶ ተመለሱ። በሌላ ጊዜ ሳንቃውን በጣታቸው አንኳኩተው ድምፁን ይሰሙ ነበር፤ ያን ቀን አላንኳኩም። ማዕዘኑን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ቀና ብለው አዩኝ፣ በወላይትኛም «ልጄ» አሉኝ። እኔም ቃሉን እንደ ምርቃት ተቀበልኩ።

መጋቢት ላይ ከሁምቦ መልእክት መጣ፦ ሳጥኑ ተሰነጠቀ። ጋሽ አንጁሎ አላመኑም። የመሣሪያ ቦርሳውን አሸክመውኝ በአውቶቡስ ወረድን። ያ ፀሐይ እስከ ዛሬ አናቴ ላይ አለ፤ የበቆሎው ማሳ አገዳ ብቻ ቀርቶበት መንገዱ አቧራ በአቧራ ነበር። ሳጥኑን ከልጅቱ አባት ቤት ጥላ ሥር አገኘነው። ሦስቱ ጎን ደህና ነው፤ አንዱ ከመሃሉ ተተርትሯል፣ ጥርሶቹም ለቀዋል። ጋሽ አንጁሎ ክዳኑን ከፍተው ጎንበስ አሉና በከሰል የተጻፈችውን ፊደል አዩ። እኔ ቦርሳውን ታቅፌ ቆሜያለሁ።

«ይህን ጽሕፈት የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ ቀና ሳይሉ። «የደጋውን ከቆላው መለየት አቅቶኛል። ስህተቱ የኔ ነው፣ ይቅር በለኝ።»

«ኧረ ምንም አይደል ጋሼ» አለ ሰውየው፣ ደግ ሰው ነበር። «ዕድሜ ነው፤ ዓይን ይደክማል።»

ያኔ ነበር መናገር። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ፣ ከነገ ወዲያ አልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ተረቱን ያወጣው ሰው እንደኔ ያለ ውሸት ተሸክሞ አያውቅም መሰለኝ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ «ከእንግዲህ ሳንቃ አንተ ምረጥ» አሉኝ። መጀመሪያ የሁምቦ ሥራ መቀበል ተዉ። ቀጥሎ እኔ የቆረጥኩትን እያዩ «እንዲህ ነው?» ብለው ይጠይቁኝ ጀመር፣ እኔን! ክረምት ሲገባ የርግብ ጭራ መቁረጡን ጨርሰው ትተው በምስማር አግዳሚ ወንበር ይመቱ ነበር። ጊፋታ ደረሰ። በእኛ አገር ቂም ተይዞ ወደ አዲስ ዓመት አይታለፍም፤ የተቀያየመ ይታረቃል፣ የበደለ ይናገራል። እኔም ልናገር ቤታቸው ሄድኩ፣ ሥጋው ቀረበልኝ፣ በላሁ፣ መረቁኝ፣ ወጣሁ። በወሩ ሐዋሳ ሥራ አገኘሁና ሄድኩ። የሄድኩት ለሥራው አልነበረም፤ ፈርቼ ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እየመጣሁ እጠይቃቸው ነበር፤ በየዓመቱም ሳልናገር እመለሳለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሆነና ዐረፉ።

ትናንት ለአስቴር ደወልኩላት። ይህንኑ አሁን እንደጻፍኩት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት።

«መነጽር ሦስት ጊዜ ገዝተንለታል፣ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ያየው ሐኪም ሁሉ ዓይንዎ ጤነኛ ነው ይለው ነበር። እሱም ‹ይታየኛል› ይላል፤ ‹የሚታየኝን ነው የማላምነው።› እኛ ደግሞ የሽማግሌ ወሬ ነው ብለን እንስቅ ነበር።»

ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት እንኳ አፈርኩ፤ ይቅርታው የሷ አይደለም።

«እንዳለ ጻፈውና ላከው» አለችኝ በመጨረሻ። «አነበዋለሁ።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ምሕረትም አልሰማሁም፤ ደክሟት ነበር።

እነሆ ጻፍኩ። ለሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃቸው ነበር፤ ያን ነፍጌ አሁን ለማያውቋቸው ልጆች ሁለት ገጽ እልካለሁ። ልጆቹ አንዲት ነገር ብቻ ይያዙልኝ፦ ጋሽ አንጁሎ እስከ ዕለተ ሞታቸው ደህና አድርገው ያዩ ነበር። ያሳወርኳቸው እኔ ነኝ።