ደጅ የቆሙት አባቴ

አባቴ ቄስ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ላሊበላ ያገለገሉ። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ግን ቤተ መቅደስ መግባት ተዉ። ደጅ ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያስቀድሳሉ። ሰዉ ከአለቃው ጋር ተጣልተው ነው አለ። እኔ አባቴን አውቃቸዋለሁ፤ ተጣልተው ቢሆን ኖሮ ከሁሉም ቀድመው ይገቡ ነበር።

ደም የሚፈሰው ሰው መቅደስ አይገባም። ይህ ትዝ ሲለኝ ክው አልኩ።

«አባዬ፣ ደም ይፈስዎታል?» አልኳቸው፣ ወደ ቤት ስንመለስ። የቄስ ልጅ አባቷን እንዲህ ያለ ነገር ስትጠይቅ መሬት ብትውጣት ትወዳለች።

«ሽንት ቤት ስቀመጥ ነው። ኪንታሮት ነው ልጄ። ዕድሜ ልኬን ቆሜ እሱ ብቻ ይቅርብኝ?»

ከስተውም ነበር። እኛ ጾም ነው ብለን አልፈነዋል፤ የቄስ መክሳት ማንን ያስደነግጣል? መንገድ ላይ ማልቀስ ስጀምር ነው ሐኪም ቤት እሺ ያሉኝ።

ደሴ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ «ኪንታሮት ነው ብሎ መገመት አይበቃም አባ፤ ትልቁ አንጀት በካሜራ ይታይ» አለ። በዋዜማው አንጀት የሚያጥብ መድኃኒት በብዙ ውኃ በጥብጬ ሰጠኋቸው። ቀመሱና ሳቁ። «ይሄማ ኮሶ ነው! እኔ ደግሞ አዲስ ነገር መስሎኝ።» ኮሶ እንደጠጣ ሰው በራቸውን ዘጉ። እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ ሲመላለሱ እየሰማሁ «በርቱ አባዬ» እላለሁ።

ሐኪሙ አንድ እብጠት አገኘና እዚያው በቱቦው ቆርጦ አወጣው። ለምርመራ ተላከ፤ ውጤቱ እስኪመጣ እህል አልወርድ አለኝ። ሲመጣ ጠርቶ አስረዳን። ፖሊፕ ይባላል፤ በአንጀት ግድግዳ ላይ እንደ እንጉዳይ የሚበቅል ትርፍ ሥጋ ነው። አብዛኛው ጉዳት የለውም፤ አንዳንዱ ግን ዝም ከተባለ ከዓመታት በኋላ ካንሰር ይሆናል። የአባቴ ወደዚያ መንገድ ጀምሮ ነበር እንጂ አልደረሰም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «ልጆቻቸውም መታየት አለባችሁ» አለ።

ለፍልሰታ አባቴ መቅደስ ገቡ። ከሴቶች በኩል ሆኜ ድምፃቸውን ስሰማ ነጠላዬ በእንባ ራሰ።

ዘንድሮ ተራው የኔ ሆነ። ዛሬ ነገ እያልኩ ሰበብ ሳበዛ አባቴ ትኬት ቆርጠው መጡ። ደሴ ላይ መድኃኒቱን ራሳቸው በጥብጠው «ጠጪ፤ አታሽትቺው» አሉኝ።

ከምርመራው ስወጣ በሩ አጠገብ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው አገኘኋቸው። ነርሷ ወንበር ብታመጣላቸው እምቢ ብለዋል።

«ምንም የለም አባዬ፤ ንጹሕ ነው አሉኝ። ምነው ባይቆሙ?»

«ልጄ ውስጥ ሆና ልቀመጥ?» አሉ። «ደጅ መቆም እንደሆነ አውቅበታለሁ።»

ወንበሩን ሳብኩላቸው፤ ያኔ ተቀመጡ።