በሸክላ ሠሪዋ በር ላይ የተጻፈው

ሰፈራችን ከደብረ ማርቆስ ዳር ነው። ልጆች በየአጥሩና በየቆርቆሮው ላይ መጻፍ ሲጀምሩ ማንም ነገሬ አላለውም። የልብ ሥዕል፣ የኳስ ቡድን ስም፣ «እወድሻለሁ»። በእኔ አጥር ላይ ቀንድ ያለው ዶሮ ሥለውብኝ ስቄ ትቼዋለሁ። በኋላ ሲበዛ እድራችን ደንብ አወጣ፤ የተጻፈበት ሰው ራሱ ያጥፋ ተባለ።

ደንቡን ገና ሲወጣ አልወደድኩትም። «ላሟን የተሰረቀች ሴት ገመዱንም አምጥታ ለሌባው ትስጠው?» አልኩ። ሳቁና አለፉት።

አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጎረቤቴ ሸክላ ሠሪዋ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። አንድ የሰፈራችን የባጃጅ ሾፌር ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን አስግጎ ያነባል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከወለድኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የማነብ። ይኸኛው ግን ጊዜ አልፈጀብኝም። ሁለት ፊደል፣ በሰማያዊ የዘይት ቀለም፣ እያንዳንዱ ክንድ የሚያህል፦ ቡዳ።

ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ቀረሁ። ይቺ ሴት ከደምበጫ በኩል መጥታ ባሏን እዚሁ የቀበረች ናት። በሰፈሩ የፋሲካ ዶሮ የሚሠራ በእሷ ድስት ነው። በዓይኗ ሰው ትበላለች የሚል ስም የወጣላት ሴት ደግሞ ገበያ ላይ ድስቷን የሚገዛት፣ ልጇንም የሚያገባላት አታገኝም።

የእድሩ ዳኛ መጡና አዩት። «እንግዲህ ደንብ ደንብ ነው፤ ታጥፋው» አሉ።

«እሷ አታጠፋውም! የጻፈው ሳይገኝ ማንም እንዳይነካው። አውጫጭኝ ይጠራ!» አልኩ።

አውጫጭኝ የአባቶቻችን ነው። ጥፋተኛው ሲሰወር ሰፈርተኛው በሙሉ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ሁሉም በመሐላ የሚያውቀውን እስኪያወጣ ወደ ሥራው የሚሄድ የለም። ዳኛው «በዚህ ዘመን?» ብለው አንገራገሩ። ካልጠሩ ከእድሩ እንደምወጣ፣ ስሞትም እንዳይቀብሩኝ ነገርኳቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጥን።

ከተማማልን በኋላ ድግስ በመጣ ቁጥር አብራኝ ሽንኩርት የምትከትፍ አንዲት እናት የልጇን እጅ ይዛ ተነሳች። «የእኔዋ ናት። የቀሚሷን ጫፍ ሰማያዊ ሆኖ አገኘሁት» አለች።

ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ልጅቱ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የምትዘምር፣ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ጎንበስ ብላ የምትስመኝ ናት።

«ምነው ልጄ? ምን በደለችሽ?» አልኳት።

«ምንም» አለች መሬት መሬት እያየች። «እናንተ የምትሉትን ነው የጻፍኩት። የእድሩን ዕቃ ስታጥቡ ትሉ የለ? እሷ ስትመጣስ ሕፃን ትሸፍኑ የለ?»

«ውሸቷን ነው» የሚል ሰው ጠበቅሁ። ዞር ዞር ብዬ አየሁ። አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዷ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

ሸክላ ሠሪዋ ከዳር እንደተቀመጠች ተናገረች። «እማማ፣ እርስዎ ጥፋተኛ ሲፈልጉ እኔ በዚያ ስም ሥር ስገባና ስወጣ ሰነበትኩ። ልጆቼ ውኃ ለመቅዳት መውጣት አፈሩ። ማን እንደጻፈው አልጠየቅሁም እኮ። ዕቃዬን በገለባ ጠቅልያለሁ፤ ነገ በጠዋቱ መኪና እሄዳለሁ።»

ይህ ከልጅቱ ቃል ይልቅ አስደነገጠኝ። ለእሷ የቆምኩ መስሎኝ ስሙን በሯ ላይ ስጠብቅላት የሰነበትኩት እኔ ነበርኩ።

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ልጅቱ ታጥፋ» ማለት ሲጀምሩ ተነሳሁ።

«ልጅቱ በእጇ ጻፈች። በአፉ ቡዳ ያለ ሁሉ ደግሞ ይከተለኝ። ያላለ እዚሁ ይቀመጥ!»

ከቤቴ ላምባና ቡትቶ ይዤ ወደ በሯ ሄድኩ። ወደኋላ አላየሁም። ስደርስ ዞር ብል ባሕር ዛፉ ሥር የቀረ ሰው የለም። ዳኛው ጋቢያቸውን አጣጥፈው ትከሻቸው ላይ ጥለዋል።

«እርስዎም?» አልኳቸው።

«ዝም በይና ጨርቁን ስጪኝ።»

ፈተግነው። ቀለሙ ለቀቀ፣ ጥላው ግን አለቅም አለ። ሾፌሩ ባጃጁን ቀብቶ የተረፈውን አረንጓዴ ቀለም አመጣና በሩን በሙሉ ቀባነው፤ ብሩሹን ልጅቱና እናቷ ያዙት።

አመሻሽ ላይ ሸክላ ሠሪዋ ወጥታ በሩን ላይ ታች አየችው።

«ሲያስጠላ!» አለች።

«ያስጠላል» አልኩ፤ እውነቷን ነው።

ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ ኩበት አለዎት? ያልተቃጠለ ድስት ቀርቶኛል፤ እንዲሁ መኪና ላይ ቢጭኑት ይሰባበራል። ለአንድ ጊዜ ማቃጠያ ብቻ ይስጡኝ።»

የልጅ ልጆቼን ጠርቼ ክረምቱን የሚያዘልቃትን ኩበት አሸከምኳቸው።