ሽማግሌዎች ፊት የጮኸችው መሞከሪያ

ያንን ሰውዬ ዛሬም አልወደውም። ልቤ ለስልሷል፣ ዕድሜ አስተምሮኛል ምናምን ብዬ ማንንም አልሸነግልም። ነቀምት ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሜን ያጠፋው እሱ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? እኔ የተወጋሁበትን ቀን፣ ያን ቀን የለበሰውን ሹራብ ሳይቀር አስታውሳለሁ።

መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚሸጥና የሚጠግን ሱቅ ነበረው። እኔ ተቀጣሪው ነበርኩ፤ ጋሼ እለው ነበር። አንድ ቀን አርጆ ከተማ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሴት ኮምፒውተሯ አልነሳ ብሏት ይዛ መጣች። የሞተው ፓወር ሰፕላዩ ነበር፤ የግድግዳውን መብራት ተቀብሎ ለውስጡ ዕቃ እየመጠነ የሚያድለው ሣጥን ማለት ነው። ጋሼ ከጓዳ አንድ አሮጌ አወጣ፣ አቧራውን በጨርቅ ጠረገ፣ አዲስ ወረቀት ለጠፈበትና "ግጠሚላት" አለኝ። ገጠምኩላት። በሳምንቱ እያለቀሰች ተመለሰች። ሣጥኑ ጨሶ ውስጡን ሁሉ ይዞት ሄዷል፤ የሰው ማመልከቻ፣ የሰው ፎቶ፣ የስንት ዓመት ሥራዋ ዶግ አመድ ሆኗል።

ሱቁ በሰው ተሞልቶ ነበር። ጋሼ ዓይኑን በጨው አጥቦ ወደ እኔ ጠቆመ። "እሷ ናት የገጠመችው! እጇ ያቃጥላል፣ ስንቴ ነገርኳት!"

በዚያው ቀን ተባረርኩ። ነቀምት ደግሞ ወሬ አያድርባትም፤ ገበያ ስገባ "ኢቢዲ ዱፌ!" ይሉኝ ጀመር፣ እሳቱ መጣ ማለታቸው ነው። ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ውስጤ ግን ያርራል። ደጃፌ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ "ኮምፒውተር እንጠግናለን" ብዬ ብለጥፍ ማን ይምጣ? የስልክ ቻርጀር እንኳ አምኖ የሚሰጠኝ ጠፋ። ጎጃሜው አባቴ "ተይው ልጄ፣ እግዜር ያያል" ይለኛል። እግዜር እስኪያይ እኔ ምን ልብላ?

በሁለተኛው ዓመት ከአዲስ አበባ ዕቃ ከሚያመጣ ነጋዴ የፓወር ሰፕላይ መሞከሪያ ገዛሁ። መዳፍ የምታህል ርካሽ የፕላስቲክ ነገር ናት። ከሣጥኑ የሚወጣው ሰፊ መሰኪያ ይሰካባታል፤ በትንሿ መስታወቷ ላይ የእያንዳንዱን መስመር ቮልት በቁጥር ታሳያለች፤ የጎደለ ካለ ትጮኻለች። አንድ ጉድ ብቻ አለባት። የድሮ ኮምፒውተሮች የሚፈልጉት፣ አሁን ፋብሪካዎች የተዉት አንድ መስመር አለ። እሷ ግን ይህን አታውቅም፤ ያ መስመር የሌለው አዲስ ሣጥን ሲሰካባት አገር ይያዝልኝ ብላ ትጮኻለች። ሻጩ ራሱ "እህቴ፣ ይሄኛውን ጩኸት እንዳትሰሚው፣ ዕቃው ደህና ነው" ብሎ አስጠንቅቆኛል። ይህን በደንብ አውቅ እንደነበር ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ብዙም ሳይቆይ የአርጆዋ ሴት ቤቴ ድረስ መጣች። ያኔ ጋሼ ነገሩ እንዲበርድ ብሎ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ሰጥቷት፣ የተቃጠለውን የቀረ ዕቃ እሷ በገንዘቧ ገዝታ ነበር። አሁን ኮምፒውተሯ በሥራ መሃል ድርግም ይላል። እሱ "መብራቱ ነው" ይላታል፤ እሷ ዕቃው ነው ብላ ለሽማግሌ ከስሳዋለች። "ያኔ አንቺን ሲሰድብ አላመንኩትም ነበር" አለችኝ ዓይኗን ሰበር አድርጋ፤ "ዝም ያልኩት ሌላ እንዲሰጠኝ ብዬ ነው። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ፊት በዚያች ዕቃሽ ፈትሺልኝ።" እሷንም በልቤ መዘገብኳት። ግን እሺ አልኩ። እንዴት እምቢ እላለሁ!

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች የጋሼ ሱቅ ደጃፍ ተቀመጡ። ትልቁን ከተማው በሙሉ ያከብራቸዋል፤ የቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ ኮት ለብሶ ወጣና ሲያየኝ "አንቺ ደግሞ ምን ልታቃጥይ መጣሽ?" አለ። ሰው ሳቀ። እኔ ከሴትዮዋ ኮምፒውተር የወጣውን ሣጥን መብራት ላይ ሰካሁና መሞከሪያዋን አገናኘሁ።

ቁጥሮቹ መጡ። ሁሉም ልክ! አንድም ያነሰ የለም። ዕቃው አዲሱ ዓይነት ነበር፣ ደህና ነበር። ሰውዬው ለአንድ ጊዜ እውነቱን ነው። ወዲያው መሞከሪያዋ ያንን የቀረ መስመር አጣችና ጩኸቷን ለቀቀችው።

"ምን እያለች ነው፣ ኢንተላ ኮ?" አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

"የጎደለ ሲኖር ነው የምትጮኸው፣ አባባ።" አልዋሸሁም እኮ። እውነቱን ብቻ አልጨረስኩትም።

"ሰው ለወገኑ ያደላል" አሉ እሳቸው ወደ ሰዉ ዞረው፤ "ዕቃ ግን ወገን የለውም።"

ጋሼ ላብ በላብ ሆነ። "በልጆቼ እምላለሁ፣ ይሄኛው አዲስ ነው! አንቺ፣ አንቺ ሙያውን ታውቂያለሽ፣ ንገሪያቸው እንጂ!"

"እኔ ምን አውቃለሁ?" አልኩት። "እጄ የሚያቃጥል ሰው ምን ያውቃል?" እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እኛ ዘንድ ጥፋተኛ የተባለ ሰው እርጥብ ሳር ይዞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ከዚያ በፊት ግን ሆዱ ውስጥ የቀረ ካለ ሁሉንም ማውጣት አለበት። ሽማግሌዎቹ ስለፈረዱበት ጋሼ ሳሩን ይዞ ቆመ። ያላጠፋውን አጥፍቻለሁ አለ፤ ቀጥሎም "ሌላስ?" ሲሉት ያጠፋውን ተናገረ። ያኔ የተቃጠለው ሣጥን አሮጌ መሆኑን፣ ወረቀቱን የለጠፈው ራሱ መሆኑን፣ እኔ የታዘዝኩትን ብቻ መግጠሜን። ሰዉ ሁሉ ሰማ። ስሜ በዚያች ደቂቃ ተመለሰ።

ከዚያ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺስ? በሆድሽ የያዝሽው አለ?"

ጋሼ አፍጥጦ ያየኛል።

"የለኝም፣ አባባ" ብዬ ሳሩን ተቀበልኩ። ሲጸልዩም አሜን አልኩ። ቂም ይዞ ጸሎት ማለት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ አርጆ ወርጄ የሴትዮዋን ቤት አየሁ። የግድግዳው ሶኬት ላልቶ ብልጭ ድርግም ይላል። እሱ እንዳለው መብራቱ ነበር። ሶኬቱን ቀየርኩና ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲያ በዙሪያው ካሉት ከተሞች፣ ከዲጋም ከቢላም፣ ሥራ ወደ እኔ ጎረፈ፣ የእሱ ሱቅ ዝንብ ብቻ ቀረው።

ወር ሳይሞላ ጋሼ ሴትዮዋ የመለሰችለትን ያንን ሣጥን በብብቱ ይዞ ደጄ መጣ። ብቻችንን ነበርን። ሳይጠይቀኝ ነገርኩት። "ደህና ነው። ያን ቀንም ደህና ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ። "የመጀመሪያውን አጥፍቻለሁ፣ ቅጣቴ ነው። ለዚህኛው ግን እባክሽ ለአባባ ንገሪልኝ። ነገሩን የዘጉት እሳቸው ናቸው፣ ከእሳቸው ሌላ የሚከፍተው የለም።"

"ስንት ዓመት ዝም አልክብኝ?"

አንገቱን ደፋ። "ሁለት።"

"እንግዲያው ልክ በሁለት ዓመቱ እነግራቸዋለሁ። እኔ ቃሌን አላጥፍም።"

ይህን ስለው ከልቤ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ሄጄ፣ ሳሩን እኔ ይዤ፣ ሁሉንም ልናገር ነበር። የሚገርመው እሱ ለማንም አላወራም፤ ሱቁን ዘግቶ መንገድ ዳር የስልክ ካርድ እየሸጠ ጠበቀ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ይለኝና ያልፋል። እኔም ሰላምታውን እየተቀበልኩ ቀኔን እቆጥር ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ ልደብቀው አልችልም።

ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው ሽማግሌው በእንቅልፋቸው አረፉ።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ጢም ብሎ ነበር። ሳለቅስ ሰዎች ደግፈው አስቀመጡኝ፤ አባቷን ያጣች ያህል አዘነች ተባለልኝ። ቀና ስል አጠገቤ የተቀመጠው እሱ ነው። አልተቆጣም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው እንዳይሰማን ተጠንቅቆ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"አሁን ለማን ትነግሪልኛለሽ?"