ኩንታል የምትሞላዋ ልጅ

ወረታ ውስጥ «አይናለም» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ «የትኛዋ?» ነው። «የሩዝ ፈልፋዩ የካሴ ልጅ፣ ያቺ በሩዝ የምትመዘነዋ» ካሉ ግን የማያውቃት የለም። ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ክብደቷ ከስሟ ቀድሞ አገር ዞሯል።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በእናቷ ስለት ነው። ድንቅነሽ ከአይናለም በፊት ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱንም ክርስትና ሳይነሡ ቀብራለች። አይናለም ደግሞ በሰባት ወሯ መጣች። ሊጠይቁ የገቡት ሴቶች አይተዋት «ወየው፣ ይች ጫጩት ናት እንጂ ልጅ ናት?» እየተባባሉ በሹክሹክታ ከንፈራቸውን መጠጡ። ድንቅነሽ ግን ያችን ጫጩት በጡቶቿ መሀል ሸጉጣ፣ ከአራስ ቤት ሆና ወደ ቅዱስ ሚካኤል ጮኸች። «ይችን ብቻ አትርፍልኝ! ካተረፍህልኝ እስክትዳር ድረስ፣ ዓመት በዓመት በኅዳር በዓልህ፣ በክብደቷ ልክ ሩዝ ለደጅህ አገባለሁ!» አለች። ሚካኤልም ሰማት። በመጀመሪያው ዓመት ስድስት ኪሎ ሩዝ ገባ፤ ድንቅነሽ የዚያን ቀን መሬቱን እየሳመች አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ኅዳር አሥራ ሁለት ቅዳሴ ሲያልቅ ካህናቱም ጎረቤቱም ወደ ካሴ ወፍጮ ግቢ ይመጣሉ። ልጅቱ የሩዝ መመዘኛው ሚዛን ላይ ትወጣለች፣ አባቷ ቁጥሩን ይጠራል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ሩዙ በጆንያ ይሞላና ለቆሎ ተማሪዎቹ ይሄዳል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን እልልታውም ይጨምራል። በእኛ አገር «ወፈርሽ» ማለት «ተመቸሽ» ማለት አይደል! ካቻምና ሰማንያ ስምንት፣ አምና ዘጠና አራት ሆነ። የዚያን ቀን ካሴ ጠጅ ቀመስ አድርጎ ነበርና እጁን ወገቡ ላይ አኑሮ «ለከርሞ ኩንታል ትሞላለች! ያን ጊዜ ሠንጋ እጥላለሁ!» ብሎ ለአገሩ ሁሉ ተናገረ። ሰው አጨበጨበ። አይናለም ሚዛኑ ላይ ቆማ፣ ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለች። ማን ይስማት!

በጥር ውኃ ጥም አላስቀምጥ አላት። ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች፣ እግሯ ይከብዳታል፣ ሽንት ያመላልሳታል። ጤና ጣቢያ ሄደች። ሲስተር ደብሬ የምትባል ነርስ ደሟን አይታ እውነቱን ሳትሸፋፍን ነገረቻት። «ስኳርሽ ከፍ ብሏል። ገና ጅምር ስለሆነ ክብደትሽን ከቀነስሽ ይመለሳል። ካልቀነስሽ ግን ዕድሜ ልክሽን መድኃኒት ነው፤ ዓይንም ይነካል፣ ኩላሊትም ይነካል» አለቻት።

አይናለም ይህን ይዛ ቤቷ ገባች። ድንቅነሽ ሰምታ ጨረሰችና ቱግ አለች። «ሐኪም! ሁለቱን ልጆቼን ስቀብር የት ነበረ ሐኪሙ? አንችን ሥጋ ያለበሰልኝ ሚካኤል ነው። እሱ የሰጠኝን ሐኪም አይቀንስብኝም!» አለችና ቅቤው የሚንጠባጠብ ጉርሻ ጠቅልላ አነሣች።

«እማ፣ ጠግቤያለሁ።»

«በሞቴ! እንኪ!»

ጎረሰች። ጎርሳ ሳትጨርስ ሁለተኛው ተጠቀለለ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ልንጣላ ነው እንዴ?» አለች እናት። ከሁለተኛው በኋላ ሦስተኛው መጣ። «በሞቴ» ያለ እናት እጅ እንዴት ይመለሳል? አይናለም እያለቀሰች ዋጠች።

ሲስተር ደብሬ ከአይናለም ሌላ እንዲህ ያሉ አምስት ልጆች ነበሯት። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ በአንዲት ክፍል ትሰበስባቸዋለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እኔ ብቻዬን ብቆጣችሁ አትሰሙኝም፤ እርስ በርሳችሁ ግን ትሰማማላችሁ» ብላ እንደ በሬ ሁለት ሁለት እያደረገች አጣመረቻቸው። ጥንዶቹ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይሄዳሉ፣ አንዱ ሲሰንፍ ሌላው ይጎትተዋል። ሕጋቸው ሁለት ብቻ ነበር። ሚዛን ላይ አይዋሽም፤ ቁጥሩም ከዚያች ክፍል አይወጣም።

አይናለም ከአምሳል ጋር ተጠመደች። አምሳል በዓመት ትበልጣታለች፣ እሷም ወፍራም ናት፣ እናቷ መናኸሪያው በር ላይ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ምላሷ ምላጭ ነው፤ ከመጀመሪያው ሐሙስ ጀምራ አይናለምን «ጥማዴ» እያለች ትጠራት ጀመር። ትምህርት ቤት አንዱን ምሳ ዕቃ ለሁለት ይበላሉ፤ ሁለተኛውን ከሩቅ ገጠር ለሚመጡት ልጆች ይሰጣሉ። ሲለቀቁ በደብረ ታቦር መንገድ፣ በሩዙ ማሳ ዳር ዳር አንድ ሰዓት ይሄዳሉ። ሩዝ የሚያርሙት ሰዎች ቀና ብለው ያዩዋቸዋል። ሁለት ወፋፍራም ልጆች፣ በእጃቸው ምንም ሳይዙ፣ የትም ሳይደርሱ የሚመለሱት ምን ሆነው ነው? አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ጨነቃቸውና «ልጆቼ፣ ከብት ጠፍቷችሁ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አዎ አባባ፣ ሁለት ላሞች ጠፍተው ነው» አለች አምሳል። «አግኝተናቸዋል፤ እየነዳናቸው ነው!»

አይናለም መንገዱ ዳር ተቀምጣ እስኪያማት ሳቀች። እንዲህ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ! በክረምቱም የዋልካው ጭቃ ጫማቸውን እየነቀለ አልተዉም፤ አስፋልቱን ይዘው ተጓዙ። ሲጀምሩ ዘጠና ሰባት የነበረችው ዘጠና አራት ገባች፣ ዘጠና አንድ ገባች፣ መስከረም ሲጠባ ሰማንያ ስምንት ሆነች። ስኳሯም ወረደ። ሲስተር ደብሬ አቀፈቻት፣ ልጆቹ አጨበጨቡላት።

ጭብጨባው ግን ልቧን አላሞቀውም። ሐሙስ በተጨበጨበላት ቁጥር ኅዳር ትዝ ይላታል። ወዲህ በዳነች ቁጥር ወዲያ የሚካኤልን ሩዝ የምትሰርቅ ይመስላታል። አባቷ ሠንጋውን ገዝቶ ግቢው ውስጥ አስሮ ያደልባል፤ ጠዋት ጠዋት እሱንም እሷንም በአንድ ዓይን አይቶ «እሰይ!» ይላል። ልጅቱ ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደርባ ትወጣለች፤ በሙቀት ትነድዳለች፣ አታወልቅም።

በጥቅምት ጎረቤታቸው እናኑ «ድንቄ፣ ልጅሽ ምነው ከሳች? ደኅና ናት?» አለች። በቃ! የፈሩት ይደርሳል ማለት ይህ ነው። ድንቅነሽ ሌላ አልጠየቀችም፤ ስንቅ ቋጥራ፣ ቅቤ ይዛ፣ ልጅቱን ለሰባት ቀን ወንዛዬ ፍል ውኃ ወሰደቻት። ለሐሙሱ ስብሰባ «አልመጣም» ብሎ ሰው መላክ እንኳ አልተቻለም። ጠዋት ታጥባታለች፣ ከዚያ ታበላታለች፤ ማታ ታጥባታለች፣ ከዚያ ታበላታለች። አይናለም ከውኃው መሀል ሆና እናቷ ጀርባዋን እያሸች ቀስ ብላ ስትጸልይ ሰማቻት። «ሦስተኛዋን አትውሰድብኝ። አደራ። እኔን ውሰደኝ።» ትላለች ድንቅነሽ። ምን ትበላት? ክፉ እናት ብትሆን አምፃባት በወጣች! የምትወድ እናት ናት ጠፍራ የያዘቻት፤ ከዚያ ደግሞ መውጫ የለም።

ሲመለሱ ዘጠና ነበረች። ከሐሙሱ ስብሰባ በኋላ አምሳልን ወደ ጓሮ ወስዳ «ትቼዋለሁ» አለቻት። «ሦስት ሳምንት ቀርቷል። እበላለሁ። ኩንታሉን ልሙላና ልገላገል።»

«ከዚያስ ትገላገያለሽ? የዛሬ ዓመትስ?» አለች አምሳል። «አሥር ኪሎ በሦስት ሳምንት! ሠንጋውን ከነቆዳው ልትበይ ነው? ስኳርሽ ሲመለስ ሚካኤል መጥቶ መርፌ አይወጋልሽም እኮ!»

«እናቴ ትሞታለች፣ አምሳል። ቁጥሩ ሲወርድ በሰው ፊት ክው ብላ ትቀራለች። ልጄን ሊወስድብኝ ነው ብላ።»

አምሳል ተቆጥታ ፊቷን አዞረች። ቆይታ «አባትሽ ዱሮ የሚመዝንበት ድንጋይ አለ አይደል?» አለች። የወፍጮው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ አዲሱ ሚዛን ሳይገዛ በፊት ካሴ የሚጠቀምባቸው የብረት የሚዛን ድንጋዮች ነበሩ፤ ባለ ሁለት ሁለት ኪሎ፣ አምስት።

«ሚዛን ላይ አይዋሽም ብለን የለም?» አለች አይናለም።

«ያ ለራሳችን ነው። ይሄ ለእናትሽ ነው» አለች አምሳል። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ካህናቱ ወፍጮ ግቢው ውስጥ ሲሰበሰቡ፣ አምሳል ዕቃ ቤቱ ውስጥ ከሩዝ ገለባው ጀርባ ብረቶቹን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ጓደኛዋ ወገብ ላይ ጠመጠመች፣ በመቀነት ጠፍራ አሰረች፣ ከላይ ሰፊውን ሐበሻ ቀሚስ አለበሰቻት። አሥር ኪሎ! ስምንት ወር ሙሉ በዚያ መንገድ እየተንከራተተች ያወረደችውን በአንድ መቀነት መልሳ ተሸከመችው። ብረቱ ጎኗን እየጫናት፣ ከንፈሯን ነክሳ ቀስ እያለች ወጣች።

«ኧረ እንዴት ከብዳ ነው የምትራመደው!» አለች እናኑ። «እኔ ከሳች ስል ዓይኔ ነው ለካ!»

የደብሩ ቄስ ኪዳነ ማርያም በመስቀላቸው ባረኳትና ሚዛኑ ላይ ወጣች። ካሴ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ዓይኑን አሽቶ ደግሞ አየ። «መቶ! መቶ ከምናምን!» ብሎ ጮኸ። ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ድንቅነሽ ሰውን ገፍታ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ፣ እየሮጠች መጣችና ልጇን ወገቧ ላይ ጥምጥም አድርጋ አቀፈቻት።

እጇ ደረቀ።

አይናለም የእናቷ ጣቶች በቀሚሱ ላይ ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው ሲሄዱ ተሰማት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጣቶቹ ቋጠሮው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ድንቅነሽ ቀና ብላ አየቻት፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ልጅቱ ጩኸቱን ጠበቀች። አባቷ አጠገባቸው ይስቃል፣ ካህናቱ ቆመዋል፣ አገር ያያል። ድንቅነሽ አፏን ከፈተች፤ የወጣው እልልታ ነበር። የተሰነጠቀ፣ ለቅሶ የሚመስል እልልታ። ሰው ሁሉ የደስታ ነው ብሎ ተቀበላት።

«ለከርሞ መቶ አምስት!» ይላል ካሴ በወዲያ በኩል።

ሰዉ ሩዙን አጅቦ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ ድንቅነሽ የሥጋ ፍርፍር በሰሃን ይዛ አይናለም ወዳለችበት ዕቃ ቤት ገባች። በሩን ዘጋች። «ፍቺው» አለች።

አይናለም ፈታችው። ብረቶቹ ተራ በተራ መሬት ወደቁ። ጎኗ ዙሪያውን ተልጦ ደም አርግዟል። እናትየው በጣቷ ጫፍ ነካችው።

«ስንት ነሽ?»

«ዘጠና ነኝ፣ እማ። ዘጠና ሰባት ነበርሁ። አልታመምሁም። ስኳሬ ወርዷል፤ ሲስተርን ጠይቂ።» እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ሩዙም ሙሉ ኩንታል ነው የገባው። ሚካኤል አልጎደለበትም።»

ድንቅነሽ ጆንያ ላይ ዘፍ አለች። ከዚያ እጇ ልማዱ ነውና ሰሃኑን ሳብ አድርጋ ጉርሻ ጠቀለለች፣ ወደ ልጇ አፍ አነሣች። አይናለም ደክሟት ስለነበር አፏን ከፈተች።

ጉርሻው ግን መንገድ ላይ ቆመ። ድንቅነሽ እጇ ላይ ያለውን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ወደ ራሷ አፍ መለሰችውና እንባዋ እየወረደ አላመጠችው። በአሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነው።

ስትጨርስ ጎንበስ ብላ ብረቶቹን አንድ በአንድ ሰበሰበችና ከገለባው ሥር ሸሸገቻቸው። መቀነቱን አንሥታ ቋጠሮው የነበረበትን ቦታ አገላብጣ አየች።

«ማን ነው ያሰረልሽ?»

«አምሳል።»

«ቋጠሮዋ ላልቶ ነው የላጠሽ» አለች ድንቅነሽ። «ለከርሞ እኔ አስርልሻለሁ።»