የእማዬ ጣውንት

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሰርቶ ያሳደገን ሰው ነውና ቁም ነገረኛነቱን ማንም አይክደውም። አንዲት ቅብጠት ግን አለችበት። ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው ቀይ የስፖርት መኪና ገዛ። አሮጌ ናት፤ ቢሆንም ቀይ ናት! እማዬ በር ላይ ቆማ አየቻትና፣ "ልጆቹን የት ልትጭናቸው ነው? ጣራዋ ላይ?" አለችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የመኪናዋ ስም "ጣውንቴ" ሆነ። "ሂድ ጣውንቴን እጠባት።" "ጣውንቴ ዛሬም አኩርፋለች?" አንድ ቀን እንኳ ገብታ ተቀምጣባት አታውቅም። አባቴ ደግሞ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አይደለም፤ የጎኑን ወንበር አዲስ ልብስ ሰፍቶ አለበሰውና ማንም እንዳይቀመጥበት ከለከለ። ቦርሳዬን አስቀምጬበት ተቆጥቶኛል። ቦርሳ እኮ ነው!

ባለፈው እማዬ ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና ሆስፒታል ገባች። ፈራሁ አትልም፤ የአባቴን እጅ አልለቅ ስትል ግን ያስታውቅባታል። ሊወስዷት ሲመጡ፣ "በደህና ከወጣሁ ወደ ቤት የምትወስደኝ በጣውንቴ ነው" አለችው። አባቴ ፊቱን አዙሮ አፍንጫውን ጠረገ።

ቁስሏ ቶሎ አልድን ብሏት እዚያው ሰነበተች። የምትወጣበት ቀን ሲደርስ አባቴ ለዚሁ ብሎ የሰፋውን ሙሉ ልብስ ለብሶ መኪናዋ ውስጥ ገባ፤ ቁልፉን አዞረ። ጭጭ። መብራት እንኳ የለም።

"ባትሪው አልቋል" አለ፣ እንደ ጥፋተኛ እያየኝ። "ሰሞኑን ሲመሽ እዚህ ቁጭ ብዬ ሬዲዮ እሰማ ነበር።"

"ቤት ውስጥ ሬዲዮ የለም እንዴ?"

"ቤቱማ ጭር አለብኝ።"

ቁጣዬን ትቼ ባትሪውን ልፈልግ ዞርኩ።

ጉዱ ገና ነበር። የዚህች መኪና ባትሪ ያለው ከፊት፣ ኮፈኑ ስር ነው። ኮፈኑ ደግሞ የሚከፈተው በባትሪ ነው! ይህን ያሰበ ሰው ሳጥን ውስጥ ዕቃ ከትቶ ቁልፉንም አብሮ የሚቆልፍ መሆን አለበት። ጎረቤታችንን ባለታክሲውን ጠራሁት። መጥቶ የፊት ጎማዋ አጠገብ ተጋደመና ሲዳብስ ቆየ።

"ጋሼ፣ ለእንዲህ ያለው ቀን ኮፈኑን የሚከፍት መጎተቻ ገመድ ነበራት። እዚህ ጎማው ጀርባ ይንጠለጠላል። የት ሄደ?"

አባቴ የኮቱን ኪስ በመዳፉ ሸፈነ።

"አባዬ?"

"ቆረጥኩት" አለ። "ተንጠልጥሎ አየሁትና... አላስችል አለኝ።"

ሰው ሰላም ሲል እንኳ ዓይኑ ኮት ላይ የተንጠለጠለ ክር የሚፈልግ፣ ካገኘም መቀሱን ከኪሱ የሚያወጣ ሰው ነው። ባለታክሲው መሬት ላይ እንደተጋደመ ሳቀ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። "በታክሲ እናምጣት! ልብሷን ለብሳ እየጠበቀች ነው!"

"አይሆንም" አለ። "ዛሬ ካልገባችባት መቼም አትገባባትም።"

ይህን ብሎ ከሱቁ ክር የሚመዝበትን ረጅም ወረንጦ አመጣና በአዲሱ ልብሱ መሬት ላይ ተዘረጋ። "ልብስህን!" ብል ማን ሰምቶኝ። ባለታክሲው መብራት ያዘለት። አባቴ ምላሱን ነክሶ፣ መርፌ እንደሚያሾልክ ሰው ትንፋሹን ውጦ፣ የገመዱን ቅሪት ፈልጎ ያዘና ሳበው። ኮፈኑ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ከታክሲው ባትሪ ጋር በሽቦ አገናኝተው አስነሷት። "አደራ ጋሼ፣ ሞተሯን እንዳያጠፉ" አለ ባለታክሲው። "አንድ ሰዓት ያህል ይንዷት፤ አለዚያ ባትሪው አይሞላም።"

አባቴ ሆስፒታል ገብቶ እማዬን ሲያመጣ ሞተሩ እንዳይጠፋ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። እናም በዚያ በክልክሉ ወንበር ተቀምጬ ሄድኩ። "ለሥራ ነው" አለኝ ኮስተር ብሎ።

እማዬ ክንዱን ይዛ ቀስ እያለች ወጣች። ከስታለች። የአባቴ ደረትም ጉልበትም ግራሶ ሆኗል።

"ምን ሆነህ ነው አንተ ሰውዬ?"

"ጣውንትሽ ናታ!"

እኔ ምኔ ሞኝ ነው፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ የገመዱንም፣ የሬዲዮውንም። የገመዱን ስትሰማ ቁስሏን ደግፋ ሳቀች። የሬዲዮውን ስትሰማ ግን አልሳቀችም። በነጠላዋ ጫፍ ደረቱን ልትጠርግለት ሞከረች፤ ጭራሽ ግራሶውን አሰፋችው። ከዚያ ደግፈናት ገባች። ወንበሩን በመዳፏ ዳሰሰችና፣ "ስፌቱ ጥሩ ነው" አለች። አባቴ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

ወንበሩ ሁለት ነው፤ እኔ ሆስፒታሉ በር ላይ ቀረሁ።

በታክሲ ቤት ገብቼ ሾርባ አሞቅሁ። የተባለው አንድ ሰዓት አለፈ። ሾርባው ቀዘቀዘ፤ ደግሜ አሞቅሁት። በመጨረሻ ደወልኩ። እማዬ አነሳች፤ ከጀርባዋ ሞተሩም ሬዲዮውም ይሰማል።

"የት ናችሁ? አመመሽ እንዴ?"

"ምን ያመኛል? ባትሪው እንዲሞላ እየዞርን ነው።"

"እማዬ፣ እስካሁን እኮ ሞልቷል!"

"ሞልቷል እንዴ?" ብላ ስትጠይቀው ሰማኋት። እሱ የመለሰላት አልተሰማኝም፤ የእሷ ሳቅ ግን ተሰማኝ።

"ገና ነው" አለችኝ። "አንቺ ሾርባውን ክደኚው።"

ከደንኩት።