ያማረው ጋራዥ

መኪና ኖሮን አያውቅም፤ ጋራዥ ግን ነበረን። አማኑኤል አካባቢ ባለው ግቢያችን ጥግ ላይ ያለች፣ በቆርቆሮ የተከደነች አንዲት ክፍል ናት። ጋራዥ ብሎ የሰየማት አባቴ ነው። የሚገባባት መኪና ግን የስፌት መኪና ብቻ ነው። አባቴ የሸማ ተራ ልብስ ሰፊዎችን መኪና እየጠገነ እኛን ያሳደገን እዚያች ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው።

ነገሩን ገና ከመነሻው ልናገረውና ይውጣልኝ። አባቴ ዓይኑ እየጠፋ ነበር። ይህን የሚያውቁት እሱና እናቴ ብቻ ናቸው። ሰፊዎቹ ቢሰሙ አንዲት መኪና እንኳ እንደማያመጡለት ያውቃል፤ የእንጀራ ገመዱን ለዕውር የሚያስጨብጥ ማን አለ? ስለዚህ ደበቀ። የደበቀው ደግሞ በዚያች ጋራዥ ዝርክርክ ውስጥ ነው። ዕቃው ሁሉ ለእኛ የቆሻሻ ክምር፣ ለእሱ ግን ጣቱ የሚያውቀው መንገድ ነበር። ከዚያ እኔ ልጁ፣ ማንም ሳይለምነኝ፣ ገብቼ አስተካከልኩለት።

ጋራዧን ያያት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «እዚህ ውስጥ ሰው ይሠራል?» ብሎ ነው። ብረት ጠፍሮ ከሚይዘው ሞርሳ በስተግራ የዱቄት ወተት ጣሳዎች አሉ፤ ተደርድረዋል ማለት ይከብደኛል፣ ተጥለዋል። የአንዱ ጠርዝ ላይ የነጠላ ጥለት ቁራጭ ታስሮበታል፣ ሌላው በሞረድ ተፍቆ ጎርበጥ ብሏል፣ ሌላው ሆዱ ተጨርምቷል። የመደርደሪያው ጠርዝ ላይ የለስላሳ ቆርኪ በምስማር ተመትቷል፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት፣ ወዲያ ሦስት። ከበሩ እስከ ሞርሳው ድረስ ገመድ ተወጥሮ የዘይት መጥረጊያ ጨርቅ ተንጠልጥሎበታል። አምፖሏ ከተቃጠለች ቆይታለች። «በቀን መብራት ምን ያደርጋል?» ይላል አባቴ። እናቴ ከጎኑ ዱካ ላይ ትቀመጥና መርፌ ላይ ክር ታስገባለታለች። እኔም «አንቺ ደግሞ ቤት ውስጥ ሥራ አጣሽ?» እያልኩ አሾፍባት ነበር። ዓይን ያለኝ እኔ ነበርኩ እንግዲህ።

አባቴ የዋህ ሽማግሌ እንዳይመስላችሁ። ምላሱ ከሞረዱ ይብሳል። ልጅ ሳለሁ አሥር ቁጥር መፍቻ ሲለኝ ስምንት ቁጥር ካቀበልኩት «ዕውር ነህ እንዴ?» ብሎ ሰው ፊት ያዋርደኝ ነበር። አድጌ አንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ዘንድ የመጋዘን ኃላፊ ስሆንም አልማረኝም። ያን መጋዘን ብሎኑን በቁጥር፣ ቧንቧውን በውፍረት ለይቼ፣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሚያገኘው አድርጌዋለሁ። አለቃዬ እንግዳ ሲመጣ እኔን ጠርቶ ያስጎበኛል። አባቴ ግን ጎረቤት «ልጅህ ምን ይሠራል?» ሲለው «የሰው ዕቃ ይደረድራል፤ እጁ ሥራ አያውቅም» ይላል። ይህቺ ነገር ሆዴ ውስጥ ስትብላላ ኖረች። አንድ ቀን መደርደር ምን እንደሆነ አሳይሃለሁ እል ነበር በልቤ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የእኛ ቤቱ ጉድ ግን መስከረም እስኪጠባ ጠብቆ መጣ። ለመስቀል ከመርካቶ ነጋዴ ግማሹ ጉራጌ አገር ይገባል፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ተሸካሚ እንኳ ይጠፋል። አባቴና እናቴም እንደ ልማዳቸው ሁለት ሳምንት ሊቆዩ አገር ቤት ሄዱ። እኔ የመጋዘን ቆጠራ አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ቆጠራ አልነበረብኝም።

መጀመሪያ በሩ ላይ ቆሜ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፤ «ከዚህ በፊት» እና «ከዚህ በኋላ» ብዬ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ በቴሌግራም ልለቀው ነው። ከዚያ ዕቃውን ሁሉ ግቢ አወጣሁት። ገመዱን በጠስኩት። ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ በፒንሳ ነቀልኳቸው፤ አንዳንዱ አጥብቆ ተመትቶ እጄን ላጠው። ግድግዳውን ነጭ ቀባሁ። ትልቅ ሰሌዳ ሰቅዬ እያንዳንዱን መሣሪያ አስደግፌ ዙሪያውን በጥቁር ቀለም ሳልኩት፤ መዶሻው ሲነሳ የመዶሻ ሥዕል ይቀራል፣ ፒንሳው ሲነሳ የፒንሳ። የጎደለውን ማንም ሰው ገና ከበሩ ያውቀዋል። ብሎኑን፣ ሞላውን፣ መርፌውን ሁሉ በየዓይነቱ ለይቼ ክዳን ባላቸው የፕላስቲክ ዕቃዎች ከተትኩ፤ ሁሉም አንድ መጠን፣ አንድ ቅርጽ ናቸው። በላያቸው ላይ በቆንጆ የእጅ ጽሑፌ ስማቸውን ጻፍኩ። ጠረጴዛውን ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት መሐል አቆምኩት። አዲስ አምፖል ገጠምኩ። ጣሳዎቹን ለቆራሌው ሰጠኋቸው። «ብዙ ነው እኮ» አለኝ ደስ ብሎት። «ይዘህ ጥፋልኝ» አልኩት።

ሲያልቅ ቆሜ ራሴን አደነቅሁ። ሁለተኛውን ፎቶ ለቀቅሁት፤ ምስጋናው ዘነበ። አለቃዬ ለሌሎቹ ሠራተኞች አርአያ ይሁን ብሎ መልሶ ላከው። እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም፤ እንዲመጣብኝም አልፈልግም።

የተመለሱት አመሻሹ ላይ ነው፤ ደክሟቸዋል። እናቴ ያመጣችውን ቆጮ ልታስቀምጥ ጓዳ ገባች፣ አባቴ አልጋው ላይ ጋደም አለ። «ነገ ጋራዥ ስትገባ ጉድ ታያለህ» አልኩት። «ምን ነካካህ?» አለኝ ቀና ብሎ። «ታየዋለህ» ብዬ ሳቅሁ።

በነጋታው ገና ቁርስ ሳንጨርስ አንድ ሰፊ መጡ። ከመወለዴ በፊት ጀምሮ የአባቴ ደንበኛ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው፤ የሸማ ተራ ሰፊ ሁሉ የእሳቸውን ቃል ይሰማል። መኪናቸውን ተሸካሚ አሸክመው ነው የመጡት። «ክር እየበጠሰች አስቸገረችኝ። እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ» አሉ። አባቴ ፊት ፊት፣ እኛ ከኋላው ሆነን ወደ ጋራዧ አመራን።

አባቴ በሩን ከፍቶ እጁን ወደ ላይ ሰደደ። ገመዱን ነው የፈለገው። እጁ አየር ጨብጦ ቀረ። ፊቱን አየሁት፤ የገረመው መሰለኝ። ሁለት እርምጃ ሄደና መሐል ካቆምኩት ጠረጴዛ ጋር ተጋጨ። «ልጅህ እኮ ፋብሪካ አደረገልህ!» አሉ ሽማግሌው፣ ሰሌዳውንና መብራቱን እያዩ። «ተባረክ የኔ ልጅ!» አባቴ «ጥሩ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

መኪናዋን ፊቱ አስቀመጥንለት። በጣቱ ዳሰሳትና ጉዳቷን ወዲያው አገኘው፤ ክሩን የሚያጠብቀው ሞላ ተሰብሯል። ብሎኑን ሊፈታ እጁን ወደ ግራ ዘረጋ። ትንሿ ካቻቢቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከኖረችበት ቦታ የለችም። ላቀብለው እችል ነበር። አላቀበልኩትም። ራሱ ከሰሌዳው ላይ አንስቶ፣ ሰው ፊት፣ መደርደር ሥራ መሆኑን እንዲያምንልኝ ፈልጌ ነው። «ሰሌዳው ላይ ናት፣ አባዬ። ሥዕሏን እያት» አልኩት። ተነስቶ ግድግዳውን በሁለት እጁ ይደባብስ ጀመር። መፍቻዎቹ ተራ በተራ መሬት ወደቁ። ካቻቢቴዋን ይዞ ሲመለስ ግንባሩ በላብ ርሶ ነበር።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው አዲስ ሞላ ነው። መደርደሪያው ላይ ካሉት ፕላስቲኮች አንዱን አነሳ። ዙሪያውን ዳሰሰው፣ ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቀው፣ መለሰው። ሁለተኛውን አነሳ። ሦስተኛውን። ሁሉም ልሙጥ ናቸው፣ ሁሉም አንድ ናቸው። ሽማግሌው ሳቃቸውን አቆሙ። እኔ ግን ደሜ ፈልቷል፤ ያን ያህል ለፍቼ የጻፍኩትን እንዳላየ እየሆነ ደንበኛ ፊት የሚያሾፍብኝ ነው የመሰለኝ።

«አባዬ፣ ተጽፎበታል እኮ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ዕውር ነህ እንዴ?»

ፕላስቲኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«አዎ» አለ።

ከዚያ ሽማግሌው ተነሱና መኪናቸውን ከፊቱ ሳብ አደረጉ። «ግድ የለም፣ ትቆይ፤ አታስቸኩልም» አሉ። ቅድም «ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ» ያሉት ሰው ናቸው። «እግዚአብሔር ይማርህ፣ ወንድሜ» ብለውት ወጡ። ሁልጊዜ በተሸካሚ የሚያመላልሷትን መኪና ያን ቀን ራሳቸው ታቅፈዋት ሄዱ።

እናቴ ጩኸቴን ሰምታ መጣች። ነጩን ግድግዳ አየች፤ ከዚያ የመደርደሪያውን ጠርዝ በእጇ ዳሰሰችው። «ቆርኪዎቹስ?» አለችኝ። «ነቀልኳቸው።» «ጣሳዎቹስ?» «ለቆራሌው ሰጠኋቸው።» ያኔ ነው የነገረችኝ። አንድ ቆርኪ የመርፌ ቦታ ነው፣ ሁለት የብሎን፣ ሦስት የሞላ። እሱ እየነገራት በምስማር የመታቻቸው እሷ ናት፤ እጁ እስኪለምደው አንድ ክረምት ሙሉ በሩን ዘግተው ተለማምደዋል። ሰው ሲገባ መርፌ ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርጎ ዓይኑን አጥብቦ ሲመለከት እኔም ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ለካ ለሰው የሚያደርገው ነው። ደንበኛውን በኮቴው ለይቶ ገና ከበር ይጠራዋል፣ ደንበኛውም «የዚህ ሰው ዓይን አይጣል ነው» እያለ ይገባል።

«ለእኔ ብትነግሩኝ ምን ነበር?» አልኳት።

«ምላስህን ስለምናውቅ ነዋ» አለች። «ከማን እንደወረስከው ደግሞ እሱ ያውቃል።» ወደ ጓዳዋ ስትመለስ «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ።

ጣሳዎቹን ፍለጋ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። የከተማው ጣሳና ብረት ሁሉ ተቀጥቅጦ ማንደጃና ኩራዝ ሆኖ የሚወጣው እዚያ ነው። ለአንዱ ቀጥቃጭ «የወተት ጣሳ ነው፤ ጠርዙ ላይ ጥለት የታሰረበት» አልኩት። መዶሻውን አውርዶ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ስም አለው?» አለ። «እንግዲህ ጥራው፤ አቤት ካለህ ውሰደው።» ዙሪያው ያሉት ሁሉ ሳቁብኝ። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም እስቅ ነበር።

ዕቃውን ወደ ነበረበት ልመልስ ብዬም ሞከርኩ። ያቺን «ከዚህ በፊት» ያልኳትን ፎቶ አውጥቼ አጎላኋት። ከበሩ የተነሳች ናት፤ የሚታየው ጨለማና ክምር ብቻ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ገብቼ ስወጣ አንዱም ነገር የት እንደሚቀመጥ አላየሁም። የበጠስኩትን ገመድ መልሼ ወጠርኩና አባቴን አምጥቼ አስቀመጥኩት። «ትልቁ ጣሳ ከሞርሳው ስንት ክንድ ይርቃል?» ስለው «የሚያውቀው እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለኝ። «ተወው።» ቆርኪ እንደገና እንምታ ስል እናቴ «ለማን መኪና?» አለች።

እውነቷን ነው። በሳምንቱ ሸማ ተራ ሁሉ ሰምቶ ነበር። የገና በዓል ሲቃረብ ግቢያችን በስፌት መኪና ይሞላል፤ በዚያ ዓመት አንዲት አልመጣችም። ሰፊዎቹ ግን መጡ፤ ብርቱካንና ሙዝ ይዘው፣ እንደ በሽተኛ ሊጠይቁት። ነሐሴ ላይ በዚያው ዓይኑ የጠገነላቸው መኪና ደህና እየሰፋ መሆኑን አንዳቸውም አላነሱም። ከንፈር መጥጠው፣ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። አባቴ ብርቱካኑን ለጎረቤት ልጆች አደለው።

ይህ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አባቴ ጋራዧን ዘግቶ አልተዋትም። ጠያቂ ሲመጣ እኔ ቤት ከሌለሁ ሳሎን ተጫውተው ይሄዳሉ። እኔ ካለሁ ግን «ኑ፣ ልጄ የሠራልኝን ላሳያችሁ» ይልና ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ይመራቸዋል። በሩን ይከፍታል፣ መብራቱን ራሱ ያበራል፤ ከእኔ ሥራ ሁሉ እጁ የለመደው ማብሪያዋን ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ ከሥዕሉ የጎደለ አንድም መሣሪያ የለም፤ የሚያነሳው የለማ። ፕላስቲኮቹ እንደተደረደሩ ናቸው፣ ጽሑፌም አልደበዘዘም።

«ያምራል አይደል?» ይላቸዋል።

«በጣም ያምራል» ይላሉ፤ ምን ይበሉ።

ከዚያ ፊቱን እኔ ወደቆምኩበት ያዞራል። የት እንደቆምኩ ተሳስቶ አያውቅም። «አንተስ ምን ትላለህ?» ይለኛል።

መጀመሪያ ሰሞን ይቅርታ እለው ነበር። የሚፈልገው ይቅርታ አይደለም። የሚፈልገውን እስክመልስለት ድረስ በሩን ይዞ ይቆማል፣ እንግዶቹንም ያስቆማል። አሁን ቶሎ እመልሳለሁ።

«ያምራል፣ አባዬ።»

«በል እንግዲያው መብራቱን አጥፋው» ይላል። «ለማን ይበራል?»

አጠፋዋለሁ።