ከአፉ በላይ የጎረሰ ሽጉጥ

ተጠራጣሪ ሰው ነኝ፤ አልክድም። ሚስቴ «አንተ እኮ ጥላህን ማን ላከህ ብለህ የምትጠይቅ ሰው ነህ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ እመልስላታለሁ። ሮቤ ላይ ቶርኖ ቤት ከፍቶ ብረት ሲቀርጽ የኖረ ሰው ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? የኮምባይነሩ ዘንግ የተሰበረበት ሁሉ «ዝም ብሎ ተሰበረ» እያለ ነው የሚመጣው። ብረት ዝም ብሎ አይሰበርም። አንድ ሰው አንድ ነገር አድርጎታል፤ ያደረገውም ብዙውን ጊዜ ከፊቴ ቆሞ ዝም ብሎ ተሰበረ የሚለኝ ሰው ነው።

የሚስቴ ወንድም የመጣው የስንዴ አጨዳ በጦፈበት ሰሞን ነበር። የሚኖረው ጎባ፣ በአባታቸው ቤት ነው። በዕድሜ ጥቂት ይበልጠኛል። ሚስቴ «ወንድም ጋሼ» ስለምትለው እኔም ከእሷ ወስጄ እንደዚያው እጠራዋለሁ። ሌላ ጊዜ ሲመጣ መጀመሪያ ቤት ገብቶ እህቱን ስሞ፣ ቀማምሶ ነው ወደ ሥራ ቤቴ ብቅ የሚለው። ያን ቀን ግን የቤቱን በር አልፎ ቀጥታ እኔ ጋ መጣ። ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጦ ስለ ዝናቡና ስለ ስንዴው እያወራ ደንበኞቹ እስኪሄዱ ጠበቀ። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ተነሥቶ በሩን ገፋ አደረገው።

«አንድ የማይጠግብ ልጅ አለኝ» አለኝ። «ከለመደው ወፈር ያለ እንዲጎርስ አድርግልኝ።»

የወፍጮ ነገር መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ከካፖርቱ ውስጥ በጥልፍ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ብረት በማስርበት ሞርሳ አጠገብ አስቀመጠና ፈታው። ቱርክ ሠራሽ ከሚሏቸው ሽጉጦች አንዱ ነበር። ከጎኑ ሁለት ጥይት ደረደረ፤ አንዱ የራሱ የሽጉጡ፣ ሌላው ከዚያ የወፈረና የረዘመ። የራሱ ጥይት ጉልበት የለውም፣ አሻንጉሊት ነው አለ። ትልቁን እንዲጎርስ ነው የፈለገው።

በአማርኛችን ሰውም ይጎርሳል፣ ሽጉጥም ይጎርሳል። እንጀራ ጠቅልሎ ወዳጅ አፍ ውስጥ መክተትም ማጉረስ ነው፣ ጥይት ለጠብ ማስገባትም ማጉረስ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ልብ ብዬው አላውቅም።

ለምን እንደፈለገው ስጠይቀው ለደሎ መና መንገድ ነው አለኝ። ጫካው ውስጥ መኪና የሚያስቆሙ አሉ ይባላል፣ ሰው ባዶ እጁን መሄድ የለበትም አለ። ዕድሜውን ሙሉ በዚያ መንገድ ቡና ሲጭን የኖረ ሰው ስለሆነ ሌላው ቢሆን ያምነው ነበር። እኔ ግን አይሱዙውን ከሸጠ ዓመት እንዳለፈው አውቃለሁ፤ ለገዢው ፍሪሲዮኑን ያየሁለት እኔ ነኝ። መኪና የሌለው ሰው ምን አስቁመው ነው የሚዘርፉት?

ሌላም ነገር ነበር። ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። አባታቸው ኑዛዜ ሳይተዉ ስላረፉ ሚስቴ የጎባውን ግቢ ግማሽ ጠየቀች፤ ሽማግሌዎቹም ይገባታል አሉ። ወንድም ጋሼ እሺ ብሎ ተነሣና የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስሞ ወጣ። ሁሉም አመሰገነው። እኔን ግን ያ እሺታ አስፈራኝ። ሰው የአባቱን ግቢ ለሁለት ሲከፍሉበት ትንሽ እንኳ ይቆጣል እንጂ እንዴት ዝም ብሎ እሺ ይላል?

ታዲያ ይህ ሽጉጥ ለማን ነው? መኪና የለውም፣ ከሰው ተጣላ ሲባልም አልሰማሁም። አንድ በአንድ እየቀነስኩ ስሄድ የቀረነው እኔና እህቱ ብቻ ሆንን። የምንገደልበትን መሣሪያ አስተካክልልኝ ብሎ ወደ እኔው ያመጣው መሰለኝ።

እዚያው ልመልስለት ነበር። ግን እሱ ወገብ ላይ ከሚሆን እኔ መሳቢያ ውስጥ ቢሆን ይሻላል አልኩና «ተወው፣ ልየው» አልኩት። ሽጉጡን ሲተው ጥይቶቹን መልሶ ኪሱ ከተተ። ሲወጣም ዓይኑ በየመደርደሪያው ይንከራተት ነበር፤ ቁልፍ ያላቸውን መሳቢያዎች ቆም ብሎ አያቸው።

በማግስቱ ሚስቴ ምሳ ይዛልኝ መጣች። ሽጉጡን ቆልፌበት ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ረስቼው ኖሮ አነሣችው። ጥልፉን በጣቷ እየዳሰሰች «ይሄ የእማዬ የዳቦ ጨርቅ ነው» አለች። እናታቸው ከሞቱ ጀምሮ ስትፈልገው ነበር፤ ወንድሟን ብትጠይቀው ቤት ውስጥ የለም ብሏታል። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት።

መጀመሪያ ሳቀች። ወንድሜ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው አለች። ጨርቁን እያጣጠፈች ለምን ነው አለህ ስትለኝ ለደሎ መና መንገድ አልኳት። «በእግሩ ሊሄድ ነው?» አለችና ሳቋ ቆመ። ሻያ ወንዝ ወስደህ ወርውረው አለች። ብወረውረው ሰረቁኝ ይላል፣ ያኔ የጠብ ምክንያት አገኘ ማለት ነው አልኳት። ብዙ ከተሟገትን በኋላ እሑድ ምሳ ጠርቼው እሷ ባለችበት እንድመልስለት ተስማማን። በአንድ ገበታ ከበላ በኋላ ሰው አይዋሽም የምትለው ነገር አላት።

እሑድ መጣ፤ የጎባ ብርድ ያጠቆረው ፊቱ ፈካ ብሎ ነበር። ሚስቴ አጎረሰችው፣ እሱም አጎረሳት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ጡጫ የሚያህል ጠቀለለና «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» እያለ አፌ ውስጥ ጠቀጠቀው። እንባዬ እስኪመጣ ታገልኩት። እነሱ ይስቃሉ፤ እኔ እያላመጥኩ ይህ ሁሉ ፍቅር ድንገት ከየት መጣ እላለሁ።

እጃችንን ከታጠብን በኋላ ሽጉጡን በፌስታል አድርጌ ፊቱ አስቀመጥኩት። ጨርቁን እህቱ አስቀርታዋለች።

«ወንድም ጋሼ» አልኩት፣ «ይሄ ሽጉጥ የተሠራው ለራሱ ጥይት ነው። አፉን ብታሰፋለት ሆዱ አይወፍርልህም። ያንን ትልቁን የጎረሰ ቀን የሚፈነዳው አንተው እጅ ላይ ነው። እኔ አልነካሁትም፣ አልነካውምም። ሌላ ሰውም እንዳታስነካው። ዱጋ ነው የምልህ።»

ዱጋ ያልኩት እውነት ነው ለማለት ነው፤ ጎባ ሰው ቃሉን ሲያጠብቅ በኦሮምኛ ነው የሚያጠብቀው። ወንድም ጋሼ ግን ፈገግ አለ። እንዲህ እንደምል ቀድሞም ያውቅ እንደነበር ነገረኝ።

ሚስቴ ጣልቃ ገባች። «ለማን ነው?» አለችው። ፌስታሉን ወደ ራሱ ሳበ። ደግማ ጠየቀችው።

«ብረት ቤት ያለው ሰው ባዶ እጁን ይቀመጣል ብዬ አላምንም» አለ፣ እሷን ትቶ እኔን እያየ። «ሽማግሌዎቹ ፊት ሁሉም ሲናገር አንተ ብቻ ዝም አልክ። እኔ የምፈራው ዝም የሚለውን ሰው ነው። እኔም መሣሪያ እንዳለኝ እንድታውቅ ብዬ ነው ያመጣሁልህ።»

ዝም ያልኩት የወንድምና የእህት ጉዳይ ስለሆነ ነበር። አማች በርስት ነገር አፉን ቢከፍት ነውር ነው ብዬ ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ለካ እኔ እሺታውን ስፈራ እሱ ዝምታዬን ሲፈራ ኖሯል። ሚስቴ ሁለታችሁም አብዳችኋል ብላ አለቀሰች። እኔ እጁን ይዤ ወደ ሥራ ቤቱ ወሰድኩትና መሳቢያዎቹን ሁሉ ከፈትኩለት። ቡሎን፣ ኩሽኔታ፣ የተሰበረ መቁረጫ፤ ሌላ ምንም የለም። በጥሞና አያቸው። «ሌላም ቦታ መሳቢያ ይኖርሃል» አለና ፌስታሉን ይዞ ወጣ።

እውነቱን ነግሬው ነበር። ጉዱ እውነቱን የነገርኩት እኔ መሆኔ ነው። የርስቱ ነገር ከማይመለከተው ሰው ቢሰማው ኖሮ ምናልባት ያምን ነበር፤ ከእኔ ሲሰማው ግን ሽጉጡን እንዳያጠነክር የምከለክለው መሰለው።

አጨዳው አልቆ ኮምባይነሮቹ ወደ መጡበት ሲመለሱ ከጎባ ስልክ ተደወለ። ወንድም ጋሼ ከከተማው ወጣ ብሎ ሽጉጡን ሲሞክር እጁ ላይ ፈንድቷል። የሽጉጡን አፍ ያሰፋለት ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተናገረም፤ እኔም አላወቅሁም። ሆስፒታል ስንደርስ ቀኝ እጁ እስከ ክንዱ ተጠቅልሎ ነበር። አውራ ጣቱና ከጎኑ ያሉት ሁለቱ የሉም። ፖሊስ ሲጠይቀው ሽጉጡን ማን እንደሸጠለት ተናገረ፣ የእኔን ስም ግን አላነሣም። ስላላነሣኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለምን እንዳላነሣኝ ሳሰላስል ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

እህቱ ሐኪም ልታናግር ስትወጣ ጠጋ እንድል በዓይኑ ጠራኝ።

«አንተ ጋ አድሮ ነበር» አለ። «ምን አድርገኸው ነው?»

በአባቱ አፅም ማልኩለት። አልነካሁትም፣ እንዲያውም አስጠንቅቄህ ነበር አልኩት።

«እንደሚፈነዳ እንዴት አወቅህ ታዲያ?» አለኝ።

እንዲድን ብዬ የተናገርኩት ቃል ዞሮ መክሰሻዬ ሆነ። በጣም ተናደድኩ፤ አልጋ ላይ የወደቀ ሰው ባይሆን አንድ ነገር ባልኩት ነበር።

ወደ ሮቤ ስንመለስ ሚስቴ ሚኒባሱ ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «አልነካኸውም፣ አይደል?» አለችኝ። አንቺም እንደዚህ ትያለሽ አልኳት። ከአፍህ ልስማው ብዬ ነው አለች። አልነካሁም አልኩ። ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ በኋላ ግን ከተማ እስክንገባ በመስኮት የታጨደውን የስንዴ ማሳ ስታይ ነበር። የጎባው ግቢ ነገርም ከዚያን ቀን ወዲህ በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም።

ወንድም ጋሼ ሚስቱ ከሞተችበት ጀምሮ ብቻውን ነው የሚኖረው። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ በግራ እጄ አልበላም ብሎ አስቸገረ። በማንኪያ ቢሉት ሕፃን አደረጋችሁኝ አለ። ሰው ሲያጎርሰው ግን ይበላል፤ መጎረስ ነውር የለበትም። ስለዚህ ሌላውን ቀን ጎረቤት ያጎርሰዋል፣ እሑድ እሑድ ደግሞ እኛ እንሄዳለን። ሚስቴ ምግቡን በዚያ በእናቷ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ትሄዳለች። ጨርቁን ሲያይ አንድም ቀን ምንም ብሎ አያውቅም።

ባለፈው እሑድ ጥቂት ካጎረሰችው በኋላ ጎረቤት ከበር ጠርቷት ወጣች። እኔና እሱ ገበታው መካከላችን ቀረን። የበግ ወጡ እየቀዘቀዘ ነው። እጄን ታጥቤ ተጠጋሁና ጠቅልዬ ወደ አፉ ዘረጋሁ። አፉን አልከፈተም። እጄን ነው የሚያየው።

«ኦቦሌቲ ትምጣ» አለ፤ እህቴ ትምጣ ማለቱ ነው።

ወጡ በእጅ አንጓዬ እስኪወርድ ዘርግቼ ቆየሁ። ተናደድኩ፣ አፈርኩ፣ ደግሞም አሳዘነኝ። በመጨረሻ ጉርሻውን ወደ ራሴ መለስኩና በላሁት። ዓይን ዓይኑን እያየሁ አላመጥኩ፣ ዋጥኩ። እሱ ጉሮሮዬን ሲከታተል ቆየ። ከዚያ ምራቁን ዋጠ፤ እርቦት ነበር።

«እሺ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ፊት ያለው ያው እሺ ነበር፤ ዛሬም ምን ማለቱ እንደሆነ አላውቅም። አፉን ከፈተ። ያን እሑድ እኔ ቤት ያስጨነቀኝ ጉርሻ ትዝ አለኝና ሁለተኛውን አሳንሼ ጠቀለልኩት።